የመጀመሪያው ጊታር ለምን ከሚገባው በላይ ይወፍራል?

ስድስት የብረት ክሮች እስከ ሙሉ ቅኝታቸው ሲወጠሩ በአንድ አኩስቲክ ጊታር ላይ የሚያሳርፉት ጠቅላላ ጉተታ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ጋር ይተካከላል። ይህን ጉተታ ሌት ተቀን ችሎ የሚኖረው ሣጥን ግን ራሱ 2 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝን፣ የፊት ሰሌዳው ውፍረትም ከ3 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ስስ ነገር ነው። ሰሌዳው በቂ ጥንካሬ ከሌለው ክሩ ጎትቶ ያጎብጠዋል፤ ከልክ በላይ ከጠነከረ ደግሞ የክሩ ንዝረት ሊያንቀሳቅሰው ስለማይችል ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ጊታር የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው የእንጨት ምርጫ እስከ መጨረሻው ማስተካከያ ድረስ የሚያደርገው በሙሉ እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች መሸምገል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያ ጊታሬን የሠራሁት በቤት ውስጥ፣ በአንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ በአብዛኛው በእጅ መሣሪያ ነው፤ መላጊያ፣ መሮ፣ ጥርሱ ቀጭን የሆነ መጋዝ፣ ስኳድራ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ብዙ ክላምፕ (የሚጣበቁ እንጨቶችን ጨምቆ የሚይዝ)። የቤት ዕቃ የመሥራት ልምድ በዚህ ሥራ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አብሮት የሚመጣው ልማድ መጠንቀቅን ይጠይቃል። ወንበር ወይም መደርደሪያ የሚሠራ ሰው በተጠራጠረ ቁጥር እንጨቱን ያወፍራል፤ ወንበሩ ቢከብድ እንጂ ከወንበርነቱ የሚጎድል ነገር የለም። ጊታር ላይ ግን በጥርጣሬ የተተወ ግማሽ ሚሊ ሜትር በድምፁ ይታወቃል። ጀማሪዎች የሠሯቸውን ጊታሮች እያነሣሁ ስመለከት ጎልቶ የሚታየኝ ጉድለት የመገጣጠም ሳይሆን የክብደት ነው። መጋጠሚያው ሁሉ ጠብቋል፣ ጠርዙ ያምራል፣ ክሩ ሲመታ ግን ድምፁ ከሣጥኑ አይወጣም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሥራውን ቅደም ተከተል ብከተልም ዋና ጉዳዬ አድርጌ የያዝኩት እንጨቱ የት መሳሳት እንዳለበትና የት ጨርሶ መነካት እንደሌለበት ነው።

ለድምፅ ከሁሉ በላይ ወሳኙ የፊት ሰሌዳው መሆኑን በማያሻማ መንገድ ለማሳየት የሞከረው ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ፊቱን ስፕሩስ ከሚባለው የጥድ ዘመድ እንጨት፣ ጎኑንና ጀርባውን ግን ከተነባበረ ካርቶን አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ፤ ጊታሩም ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ተቀምጧል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ተግባራዊ ትምህርት ጀማሪ ዐቅሙን በሙሉ በፊት ሰሌዳው ላይ ማዋልና ለቀረው ተራ እንጨት መጠቀም እንዳለበት ነው። ጥሩ የፊት ሰሌዳ ከስፕሩስ ወይም ከሴዳር ይሠራል፤ ግንዱም የዕድገት ቀለበቶቹ በሰሌዳው ውፍረት ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሆኖ የተሰነጠቀ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ስፕሩስ በቁመቱ ያለው ግትርነት በአግድሙ ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የእንጨቱ ጭረቶች ከሰሌዳው ጋር ትይዩ ሆነው ካልሄዱ ያ ሁሉ ጥንካሬ በከንቱ ይባክናል። ለጎንና ለጀርባ ማሆጋኒ ወይም ዎልነት ከበቂ በላይ ነው። ሮዝዉድ የሚመኝ ሰው ብዙ ነው፤ ይሁንና የብራዚሉ ሮዝዉድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተከለለ ነው፤ የሌሎቹም ሮዝዉዶች ብናኝ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል። የትኛውንም እንጨት ሲፍቁ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግድ ነው።

መጋዝ ከማንሣት በፊት የክፍሉን እርጥበት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ምክር ብዙ ሰው እንደ ዋዛ ያልፈዋል፤ በእኔ ግምት ግን በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ አንድ ትክክለኛ የእርጥበት መለኪያ ይጠቅመዋል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በአግድሙ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በቁመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የስፕሩስ ሰሌዳ አየሩ ከ45 በመቶ ወደ 25 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ቢወርድ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሊያጣ ይችላል። ሰሌዳው ነፃ ቢሆን ይህ ምንም አይደለም። ሆኖም ከጀርባው ማገሮች (ከውስጥ የሚደግፉት ቀጫጭን እንጨቶች) አግድም ስለተጣበቁበትና ዙሪያውን ከጎኑ ጋር ስለታሰረ መኮማተር ሲፈልግ ይከለከላል፣ መጨረሻውም መሰንጠቅ ይሆናል። ማገሮቹ በደረቅ አየር ተጣብቀው ጊታሩ ኋላ እርጥበት ቢያገኝ ሰሌዳው በትንሹ ወደ ላይ ይነፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ስለዚህ ማገር የሚለጠፍባቸውን ቀናት አየሩ ከ40 እስከ 45 በመቶ ሲሆን መምረጥ፣ አየሩ ከረጠበም ሥራውን ማቆየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የፊት ሰሌዳው ከአንድ ቁራጭ ከተሰነጠቁ ሁለት ግማሾች ይሠራል። ግማሾቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲገለጡ የአንዱ ጭረት የሌላውን ይመስላል፤ መሐል ላይ የሚገናኙትም ጠባቦቹ ጭረቶች እንዲሆኑ ይደረጋል። የሚጋጠሙት ጠርዞች በተሳለ መላጊያ ተልገው ተያይዘው በብርሃን ፊት ሲያዙ በመካከላቸው አንዲት የብርሃን ክር እንኳ መታየት የለባትም፤ ከታየች ኮላው አይሸፍናትም፣ እንደገና መላግ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ሰሌዳው በመላጊያና በመፋቂያ ብረት እየሳሳ ለብረት ክር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ለናይሎን ክር ደግሞ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደረሳል። በድምፁ ቀዳዳ ዙሪያ የሚገባው ጌጥ በዚህ መካከል ይቀበራል፤ ስለ እርሱ የማተኩርበት ምክንያት የለኝም፣ ለዐይን እንጂ ለጆሮ አይደለምና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የማገር ሥራ ነው፣ ጊታሩ ጊታር የሚሆነውም እዚሁ ነው። ለብረት ክር የተለመደው አደራደር ሁለት ዋና ማገሮች ከድምፁ ቀዳዳ በታች በኤክስ ቅርጽ የሚተላለፉበት ሲሆን፣ ይህ አደራደር በአሜሪካው የማርቲን ኩባንያ ጊታሮች ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ ክሩ ገና የአንጀት ጅማት ነበር፤ የብረት ክር በ1920ዎቹ እየተለመደ ሲመጣ ግን የኤክሱ አደራደር የጨመረውን ጉተታ ለመሸከም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ማገሮቹም የሚወጡት ከስፕሩስ ነው፤ እንጨቱን በመጋዝ ከመቁረጥ ይልቅ በመሮ መሰንጠቅ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ስንጥቁ ራሱ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ስለሚሄድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠ ማገር ይገኛል። ከማጣበቅ በፊት የማገሩ ሆድ በመጠኑ ጎበጥ ተደርጎ ይላጋል፤ በዚህም ሰሌዳው ዐይን የማይለየው ትንሽ ጉብታ ይይዝና የክሩን ጉተታ ይቋቋማል።

ለማጣበቂያ የተለመደው ነጭ ወይም ቢጫ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ከቆዳ የሚሠራው ጥንታዊ ኮላ ሲደርቅ የበለጠ ይጠነክራል፣ ወደፊት ጥገና ቢያስፈልግም በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቃል፤ ነገር ግን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ መቀባትና ቀዝቅዞ ሳይረጋ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መታሰር ስላለበት ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም።

ማገሮቹ ሲጣበቁ አራት ማዕዘንና ከፍ ያሉ ናቸው። ከዚያ መሮና ትንሽ መላጊያ ይዞ መቀነስ ይጀመራል፤ የጀማሪ እጅ የሚፈራውም ይህን ነው። ፍርሃቱን ወደ ማስተዋል የሚለውጠው አንድ የምሕንድስና ሕግ ነው። የአንድ ማገር ግትርነት ከቁመቱ (ከሰሌዳው በላይ ካለው ከፍታው) ኩብ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ማለትም ቁመቱን በ10 በመቶ ስንቀንስ ክብደቱ በ10 በመቶ ብቻ ሲቀንስ ግትርነቱ ግን በ27 በመቶ ይወርዳል፣ ቁመቱ በግማሽ ቢቀነስ ደግሞ የሚተርፈው ግትርነት አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። የማገሩ ስፋት በአንጻሩ በቀጥታ እንጂ በኩብ አይቆጠርም። ስለዚህ ጥንካሬን ጠብቆ ክብደትን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ማገሩን ጠባብና ከፍ ያለ ያደርገዋል፣ ጎኖቹን ወደ ላይ እያሾለ በልግስና ይልጋል፣ አናቱን ሲነካ ግን እያንዳንዱን ልጣጭ ይቆጥራል።

የት እንደሚቀነስ ለማወቅ ክሩ ሰሌዳውን ምን እንደሚያደርገው ማሰብ ይበቃል። ክሮቹ የታሰሩበት ብሪጅ ወደ አንገቱ አቅጣጫ ሊገለበጥ ይሞክራል፤ ስለዚህ ከብሪጁ ኋላ ያለው ሰሌዳ ወደ ላይ ሲነሣ፣ በብሪጁና በድምፁ ቀዳዳ መካከል ያለው ወደ ታች ይሰምጣል። አንገቱም በበኩሉ የሰሌዳውን የላይኛ ክፍል ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል። እንግዲህ ማገሮቹ የሚተላለፉበት የኤክሱ እምብርት፣ ከፍሬት ቦርዱ (ፍሬት የሚባሉት የብረት መስመሮች ከተተከሉበት የአንገቱ ገበታ) ጫፍ ሥር አግድም የሚያልፈው ወፍራም ማገርና ከብሪጁ ሥር የክሩን ቋጠሮ የሚይዘው ጠንካራ ቁራጭ የጉተታው ተሸካሚዎች ስለሆኑ አይነኩም። የማገሮቹ ጫፎች፣ በታችኛው ሰፊ ክፍል ያሉት ትናንሽ ማገሮችና የሰሌዳው ዳርቻ ግን ያለ ስስት መሳሳት አለባቸው፤ ሰሌዳው እንደ ልቡ የሚንቀሳቀሰው በዳርቻው ሲለሰልስ ነው።

ልምድ ያላቸው ሠሪዎች መቀነሱ የት ላይ እንደሚበቃ የሚያውቁት በማንኳኳት ነው። ሰሌዳውን ከላይኛው ጠርዝ ገባ ብሎ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ብሪጁ በሚያርፍበት ቦታ በጣት ሥጋ ሲመቱት፣ መጀመሪያ ላይ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ማገሮቹ እየተላጉ ሲሄዱ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ይረዝማል፣ ከጣት ከተለየ በኋላም ትንሽ ይቆያል። ይህ እውነት ነው፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሆኖም በመጀመሪያ ሥራ ላይ ማንኳኳትን ብቻ ተማምኖ መወሰን አይሆንም፤ ምክንያቱም ጆሮ የሚፈርደው ቀደም ሲል ከሰማቸው ሌሎች ሰሌዳዎች ጋር እያነጻጸረ ሲሆን፣ ጀማሪ ደግሞ የሚያነጻጽረው ነገር የለውም። ከዚህ ይልቅ ሰሌዳውን በዙሪያው ብቻ አስደግፎ ብሪጁ የሚሆንበት ቦታ ላይ የታወቀ ክብደት አስቀምጦ ስንት እንደሚሰምጥ ባለ መርፌ መለኪያ መለካትና ቁጥሩን መጻፍ ይሻላል። ማገር በተላገ ቁጥር ልኬቱ ይደገማል። ድምፁ ያማረ አንድ ጊታር ሲገኝ ቁጥሩ ለሚቀጥለው ሥራ መመሪያ ይሆናል፤ በጆሮ የተሰማው ግን እስከዚያ ድረስ ተረስቷል።

ጎኖቹን ማጉበጥ ከሁሉም የሚያስፈራ መስሎ የሚታይ፣ ሲሠራ ግን ከሁሉም የሚያስደስት ክፍል ነው። 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሳሳው ጎን በመጠኑ ረጥቦ ከውስጥ በሚሞቅ የብረት ቱቦ ላይ ይደገፋል፤ ቱቦው በቂ ሙቀት መያዙ የሚታወቀው የተረጨበት ውኃ ሳያርፍ እየዘለለ ሲተን ነው። እንጨቱን በግድ ማጠፍ አያስፈልግም። ቱቦው ላይ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ በቀስታ ጫን ሲሉት መጀመሪያ ምንም አይመልስም፤ ከዚያ በድንገት ከእጅ ሥር መላላት ይሰማል፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ማጠፍ፣ ከቱቦው ማንሣትና እስኪቀዘቅዝ በቅርጹ ላይ ይዞ መቆየት ነው። ጎኑ ከቅርጽ ማስያዣው ጋር ገጥሞ ከደረቀ በኋላ በውስጥ ጠርዙ ላይ በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ በመጋዝ የተበጣ ቀጭን ጠፍር ይጣበቅበታል፤ የፊትና የጀርባ ሰሌዳ የሚያርፉት በዚህ ጠፍር ላይ ነው።

ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር ጊታሩ እንዲጫወቱበት የሚያደርገው የአንገቱ ማዕዘን ነው። አንገቱ በ14ኛው ፍሬት ላይ ከሣጥኑ ጋር በሚገናኝና ርዝመተ ክሩ 650 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ ከመጋጠሚያው እስከ ሳድሉ (በብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቀጭን ድጋፍ) ያለው ርቀት 290 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት የግማሽ ዲግሪ ስሕተት ብሪጁ ጋ ሲደርስ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ደግሞ ጣት በቀላሉ በሚጫነው ክርና እጅ በሚያደክም ክር መካከል ያለ ልዩነት ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው። ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ በፍሬቶቹ አናት ላይ ሲዘረጋ ጫፉ ከብሪጁ አናት ጋር እኩል ወይም በፀጉር ያህል ከፍ ብሎ ማረፍ አለበት። ዝቅ ብሎ ብሪጁን ከገጨ አንገቱ ወደ ፊት ደፍቷል፤ ከተረከዙ (ከሣጥኑ ጋር ከሚገጥመው የአንገቱ ወፍራም ክፍል) የታችኛው ጫፍ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንጨት መፋቅ ብቻ ግማሽ ዲግሪውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊታር አንገቱ በወንዴና ሴቴ ገጥሞ ከውስጥ በቡሎን የሚታሰርበትን ዘዴ እመርጣለሁ፤ ኮላ ሳይነካው ደጋግሞ መፍታት፣ መፋቅና መልሶ መሞከር ይቻላልና። የስፔን ባህላዊ አሠራር አንገቱን ከጎኖቹ ጋር ከመነሻው ስለሚያያይዘው አካሄዱ ውብ ነው፣ ማዕዘኑን ግን ከመጀመሪያው በትክክል መያዝን ይጠይቃል። ለብረት ክር በአንገቱ ውስጥ የሚስተካከል የብረት ዘንግ መቅበርም መረሳት የለበትም።

የፍሬቶቹ ቦታ በስሌት እንጂ በጆሮ አይወሰንም። ከነት (በአንገቱ ራስ በኩል ክሩ ከሚያርፍበት ድጋፍ) እስከ ሳድል ያለው ርዝመት ለ17.817 ሲካፈል የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ ያለው ርቀት ይገኛል፤ የቀረው ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር ሲካፈል ሁለተኛው ይገኛል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለ650 ሚሊ ሜትር የመጀመሪያው 36.48፣ ሁለተኛው 70.92 ሲሆን 12ኛው በትክክል እኩሌታው ላይ 325 ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱ ደረጃ በደረጃ ቢሆንም በእንጨቱ ላይ ሲለካ ግን ሁሉም ከነቱ መለካት አለበት፤ ከፍሬት ወደ ፍሬት የሚለካ ሰው ጥቃቅኗን ስሕተት እያደመረ ይሄዳል። ክሩ ወደ ፍሬቱ ሲጫን ስለሚወጠርና ቅኝቱ ከፍ ስለሚል፣ ሳድሉ ከስሌቱ ርቆ ይቀመጣል፤ በቀጭኑ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በወፍራሙ በኩል ከዚያ በእጥፍ ያህል። ሳድሉ ዘንበል ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅቡን በአጭሩ ልለፈው። በአልኮል የሟሟ ሼላክ የሚባል የተፈጥሮ ሙጫ በጨርቅ እየተሹ ቀጭን ሽፋን መስጠት በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከሚረጭ ቅብ ይሻለዋል፣ ጭሱም ሆነ እሳት የማስነሣት አደጋው ከሚረጨው ናይትሮ ላከር ያነሰ ነውና። ወፍራም ሽፋን በመሮ የተቀነሰውን ክብደት መልሶ ይጭናል። ብሪጁ የሚያርፍበት ቦታ ግን ቅብ ሊነካው አይገባም፤ ኮላ የሚይዘው ባዶ እንጨት ሲያገኝ ብቻ ነው። የብሪጁ ቦታም ከሥዕሉ ሳይሆን ከተተከለው አንገት፣ ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት ተለክቶና በእጥፍ ተወስዶ ይወሰናል።

ክሮቹ መጀመሪያ ሲገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሉ ቅኝት ላይ አይደርሱም፤ ሁሉንም በዝቅተኛ ቅኝት አስይዞ ለጥቂት ሰዓታት መተው፣ ከዚያ እያከታተሉ ከፍ ማድረግ ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከብሪጁ ኋላ ያለው ሰሌዳ በትንሹ መነሣቱ የሚጠበቅ ነው፤ በሚገባ የሳሳ ሰሌዳ እንዲህ ያደርጋል፣ ፈጽሞ የማይነሣ ሰሌዳ ይልቅ ስለ ማገሮቹ ውፍረት ሊያጠራጥር ይገባል። ሰሌዳው ሲነሣ ክሩም አብሮ ከፍሬቶቹ ይርቃል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ለብረት ክር የሚፈለገው ከፍታ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 12ኛው ፍሬት በክሩ እኩሌታ ላይ ስለሚገኝ እዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ለማድረግ ሳድሉ 1 ሚሊ ሜትር መፋቅ አለበት። የተፋቀ ሳድል መልሶ አያድግም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ለጣት ትንሽ እንዲከብድ አድርጌ ከፍ ያለ ሳድል እተዋለሁ፤ የመጨረሻውን ልክ የምሰጠው ሰሌዳውና አንገቱ ጉተታውን ተቀብለው ከፍታው ከሳምንት ሳምንት መለወጡን ሲያቆም ነው።